የእጅ ጽሕፈትን ስለ መለመን

ሰው ሟች እንደ መሆኑ መጠን ከእርሱ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ይጨነቃል። ቤት ይሠራል፥ ዛፍ ይተክላል፥ ልጅ ያሳድጋል፤ ዳሩ ግን ቤቱ ይፈርሳል፥ ዛፉ ይቈረጣል፥ ልጁም በተራው ያልፋል። ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል ብለው አባቶች እንደ ተናገሩት፥ ከሰው ሥራ ጋራ ተጣብቆ የሚኖረው ስሙ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞንም መልካሙን ስም ከብዙ ሀብት አስበልጦታል። እንግዲህ ስም ይህን ያህል የከበረ ከሆነ፥ የማያውቁትን ሰው ስም በገዛ እጁ አስጽፎ በሣጥን ማኖር እንዴት ያለ ነገር ነው? ፍቅር ነውን? ወይስ ከንቱ ውዳሴ? ወይስ ንግድ? ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ቢመስልም፥ ሲመረመር ስለ እውነት፥ ስለ ስጦታና ስለ ውለታ የሚጠይቅ ሆኖ ይገኛል።

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባል፥ በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ አለ። ከዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የዝነኞቹ ተጫዋቾች ሥዕል በትንንሽ ካርቶን ላይ እየታተመ፥ አስቀድሞ ከሲጋራ፥ በኋላም ከማስቲካ ጋራ ሲሸጥ ኖረ። ይህንንም ካርድ መሰብሰብ የብዙ ሰው ልማድ ሆነ። ከሰብሳቢዎቹም አንዳንዶቹ በሥዕሉ ብቻ አልረኩም። ካርዱን ከትሕትና ደብዳቤ ጋራ ለተጫዋቹ በፖስታ ይልኩለታል፤ የራሳቸው አድራሻ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት ባዶ ፖስታም ይጨምሩበታል፤ ተጫዋቹም ቢፈቅድ በካርዱ ላይ ስሙን ጽፎ ይመልስላቸዋል። አንዳንዱ በሳምንት ይመለሳል፤ አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዱም እንደ ወጣ ይቀራል። ለማኙና ተለማኙ አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ወረቀትና የአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ከጅጅጋ ወደ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ሐረርን ያስብ። አርቱር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1873 ዓ.ም. ግብፆች ይገዟት ወደ ነበረችው ሐረር ገብቶ በንግድ ሥራ ተቀመጠ። ይህ ሰው በጕብዝናው ወራት በፓሪስ ቅኔ ጽፎ ነበር፤ ሃያ ዓመት ካለፈው ጥቂት ቈይቶ ግን ቅኔን ፈጽሞ ተወ። በ1876 ዓ.ም. ከጅጅጋ ሜዳ ወደ ደቡብ ስላለው ስለ ኦጋዴን አገር አንድ መግለጫ ጽፎ ላከ፤ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበርም ተቀብሎ አሳተመው። ወዲያውም በዚያው ዓመት ማኅበሩ፥ በአገር ምርመራና በጕዞ ስማቸው የተጠራውን ሰዎች ሥዕል በመዝገብ እየሰበሰበ ያኖር ነበርና፥ ፎቶግራፉንና የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እንዲልክ በደብዳቤ ለመነው። የራምቦን ታሪክ የጻፉት ሰዎች እንደሚሉት ለዚህ ልመና መልስ አልሰጠም። በ1884 ዓ.ም. መጀመሪያ በማርሴይ ከተማ ሞተ። ከሞተም በኋላ ከሐረር ስለ ሸቀጥና ስለ ሒሳብ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ሳይቀሩ በጨረታ በብዙ ገንዘብ የሚሸጡ ሆኑ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ። ወደ ኦጋዴን ዘልቆ የሄደው ራምቦ አልነበረም፤ ለዚያው የንግድ ቤት የሚሠራ ሶቲሮ የሚባል የግሪክ ሰው ነበረ። ራምቦ በጽሑፉ ውስጥ ሶቲሮን አልደበቀውም። ሥዕሉን እንዲልክ የተለመነው ግን የሄደው ሳይሆን የጻፈው ነው። ለሶቲሮ መንገድ ያሳዩትንና ውኃ ያጠጡትን የአገሩን ሰዎችማ ሥዕላችሁን ላኩልን ያላቸው የለም። እንግዲህ ስም ሰብሳቢ የሚሰበስበው ሥራን ነውን? ወይስ ከሥራው በላይ ተንሳፎ የሚታየውን ብቻ? ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ሰው፣ መለመኑ በራሱ ነውር አይደለምን፥ ባለሥራውን ለምን ያስቸግሩታል፥ ቢል እንዲህ ይመለስለታል። ሰው የሚወደውን ሰው እጅ የነካውን ነገር መጠበቁ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። ፊደል ያልቈጠረች እናት ከሩቅ አገር ልጅዋ የላከውን ደብዳቤ በመቀነትዋ ቋጥራ ትይዛለች፤ ማንበብ የማትችለውን ወረቀት እያወጣች ትዳስሰዋለች። እርስዋ የያዘችው ቃሉን አይደለም፥ እጁን ነው። ይህን ሞኝነት ነው የሚል እናት የሌለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የእጅ ጽሕፈትን መውደድ ነቀፋ የለበትም፤ የሚነቀፈውና የሚመሰገነው በልብ ውስጥ ያለው ምክንያት ነው።

ምክንያቱም በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ወዳጅ ነው። የሰውዬውን ሥራ ያውቃል፥ በሥራውም ተጠቅሟል ወይም ተደስቷል፤ ጽሕፈቱን የሚለምነው ምስጋናውን ለመላክ ምክንያት ስለሚሆነው ነው፤ መልስ ባይመጣለትም ምስጋናው ደርሷልና አይጐዳም። ሁለተኛው ተመጻዳቂ ነው። ጽሕፈቱን የሚሻው ለጐረቤቱ አሳይቶ እኔን ያውቀኛል ለማሰኘት ነው፤ ይህ በሌላው ብርሃን ሊሞቅ የሚወድ ስለሆነ ከንቱ ነው፤ ዳሩ ግን ከራሱ በቀር የሚጐዳው ሰው ጥቂት ነው። ሦስተኛው ነጋዴ ነው። የወዳጅን ቃል ተውሶ ይጽፋል፥ ከልጅነቴ ጀምሮ አደንቅዎታለሁ ይላል፥ የታመመ ልጅ አለኝ ብሎም ያሳዝናል፤ ካርዱ በተመለሰለት ማግሥት ግን ወደ ገበያ ያወጣዋል። ሦስቱም የሚጽፉት ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው፤ ተለማኙ ሊለያቸው አይችልም። ጭንቁም ከዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ በነጻ የተሰጠውን መሸጥ ኃጢአት ነውን? ነጋዴ ቢከራከር፥ የተሰጠኝ ነገር የኔ ነው፥ የኔን ብሸጥ ማን ይከለክለኛል? ይላል። ሕግም ምናልባት ይፈርድለት ይሆናል። ነገር ግን ስጦታ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ዕቃው ነው፥ ሁለተኛው የተሰጠበት ምክንያት ነው። ለሠርግ ተብሎ በሬ የተሰጠው ሰው ሠርጉን ትቶ በሬውን ቢሸጠው፥ በሬው የርሱ ነው፤ ሰጪውን ግን አታሏል። እንደዚሁም በፍቅር ስም የተለመነ ጽሕፈት ሲለመን ጀምሮ ለመሸጥ ታስቦ እንደ ሆነ፥ ሐሰቱ በገበያው ላይ ሳይሆን በደብዳቤው ላይ ተፈጽሟል። ዳሩ ግን በፍቅር ለምኖ ተቀብሎ ዘመኑን ሁሉ ሲጠብቀው የኖረ ሰው ቢቸገር፥ ወይም ሞቶ ልጆቹ ቢሸጡት፥ ነቀፋ የለባቸውም፤ ልመናው እውነተኛ ነበርና። ፍርዱ በሽያጩ ሳይሆን በልመናው ነው።

የሚለመነውም ሰው የራሱ ዕዳ አለበት። ዝናው የበዛ ሰው በየቀኑ ብዙ ደብዳቤ ሲመጣለት ሦስት መንገድ ይቀርብለታል፤ በእጁ መጻፍ፥ አለመመለስ፥ ወይም በሌላ ሰው እጅ አስጽፎ የራሱ አስመስሎ መላክ። በአሜሪካ የተጫዋቾቹ ረዳቶች በጌቶቻቸው ስም ይፈርሙ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ የሰውን ፊርማ እያስመሰለ በብዕር የሚጽፍ መኪናም ተሠርቶ፥ ፕሬዚዳንቶች ሳይቀሩ ተጠቅመውበታል። ይህስ ሐሰት ነውን?

የአገራችን ሥርዐት ለዚህ መልስ አለው። የነገሥታት ደብዳቤ የሚጻፈው በጸሓፊ እጅ ነበር፤ የሚታመነውም በራስጌው ላይ በታተመው ማኅተም ነው። ማንም አንባቢ፥ ንጉሡ በእጃቸው አልጻፉትምና ተታለልሁ አላለም፤ ማኅተም ስለ ፈቃድ እንጂ ስለ እጅ አይመሰክርምና። እንደዚሁም በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በፓሪስ ያሳተሙት ቴምብር መልካቸውን ይዞ ሲወጣ፥ ቴምብሩን ንጉሡ ራሳቸው ሣሉት ያለ የለም። እንግዲህ በሌላ እጅ መጻፍ በራሱ ሐሰት አይደለም። የእጅ ጽሕፈት ለማኝ ግን የሚለምነው ፈቃድን ሳይሆን እጅን ነው። እጅን ለለመነ ሰው የመኪና ሥራ እጅ ነው ብሎ መስጠት፥ ዳቦ ለለመነ የዳቦ ሥዕል እንደ መስጠት ነው። ከዚህ ይልቅ አለመመለስ ይሻላል፤ ዝም ያለ ሰው አልዋሸምና።

ዝም ያለና እንቢ ያለ ሰውም ስሙ እንደማይጠፋ የቤዝቦሉ ተጫዋች የሆነስ ዋግነር ምስክር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1909 እስከ 1911 አንድ የትምባሆ ኩባንያ የተጫዋቾችን ካርድ ሲያወጣ፥ የዋግነር ካርድ ጥቂት ብቻ ታትሞ ቀረ። ምክንያቱንም አንዳንዶች ልጆች በርሱ ሥዕል ምክንያት ትምባሆ እንዳይገዙ ብሎ ከለከለ ይላሉ፤ ሌሎች ስለ ገንዘብ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፥ ያ ካርድ በ2022 ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። እንቢታው ከእሺታው ይልቅ ተወደደ። ይህም ገበያ የሚመዝነው የሰውን መልካምነት ሳይሆን የዕቃውን ጥቂትነት እንደ ሆነ ያስረዳል። ጥቂት የሆነ ነገር ሲወደድም ሐሰተኛው ይበዛል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ የዝነኞችን ፊርማ እያስመሰሉ የሚሸጡ ብዙ ሰዎችን ይዞ ለፍርድ አቅርቧል። በኛም አገር በብራና መጻሕፍት ላይ ያስጻፈው ሰው ስም ተፍቆ የኋለኛው ባለቤት ስም የተጻፈበት ብዙ ነው። ጸሓፊዎች በመጽሐፋቸው መጨረሻ የሚፍቀውን ሁሉ በግዝት ማስፈራራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስምን መፋቅና ስምን ማስመሰል የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ጅጅጋና ወደ አካባቢዋ ከተሞች፥ ወደ ቀብሪ በያህ፥ ወደ አውበሬ፥ ወደ ቶጎ ውጫሌ እንመለስ። የሶማሌ ሕዝብ ቋንቋ በመንግሥት ደረጃ የታወቀ ፊደል ያገኘው በ1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግጥሙ ሁሉ በቃል ይጠበቅ ነበር፤ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ በግመል ነጋዴ አፍ ይሄዳል፥ በኋላም በካሴት እየተቀዳ ተጕዟል። በዚህም ውስጥ አንድ የጸና ሥርዐት አለ፤ የሌላውን ሰው ግጥም የሚያሰማ ሰው አስቀድሞ የገጣሚውን ስም ሊጠራ ይገባዋል፤ ሳይጠራ ቢቀር ነውር ነው፥ የራሱ ቢያስመስለውማ ስርቆት ነው። በ1892 ዓ.ም. ጭፍራው በጅጅጋ የጦር ሰፈር ላይ የዘመተው የሰይድ መሐመድ ዐብደላ ሐሰን ግጥም እንኳ፥ በወዳጁም በጠላቱም አፍ ከነስሙ እስከ ዛሬ ደርሷል። ለዚህም ፖስታ አልተላከም፥ ቴምብር አልተለጠፈም፥ ፊርማም አልተለመነም።

ሁለቱን ልማዶች ቢያስተያዩአቸው ምሥጢሩ ይገለጣል። የካርዱ ሰብሳቢ ስሙን ይዟል፥ ሥራው ግን በእጁ የለም። ግጥሙን በቃሉ የያዘው ሰው ሥራውን ይዟል፥ ስሙንም ከሥራው ሳይለይ ይጠራል። የመጀመሪያው ወረቀቱ ቢቃጠል ባዶ እጁን ይቀራል፤ የሁለተኛው እርሱ ራሱ እስኪሞት ድረስ አይጠፋም፥ ለልጁ ካስተማረውም ከሞተ በኋላ ይኖራል። ከፊርማ የሚበልጥ የስም መጠበቂያ ይህ ነው።

እንዲህ ስለሆነ ግን ሣጥኑ ይቃጠል አይባልም። ሰብሳቢ ሆኖ የሚወድ ሰው የሰበሰበውን ሥራ ይወቅ፤ ስሙን በያዘበት ወረቀት አጠገብ የሰውዬው ሥራ ምን እንደ ነበረ ይጻፍ፤ ከርሱም ጋራ የደከሙትን፥ ማንም ሥዕላችሁን ላኩ ያላላቸውን፥ ሶቲሮንና መሪዎቹን የመሳሰሉትን ፈልጎ ስማቸውን ይጨምር። ይህን ያደረገ ሰው ስም ለቃሚ መባሉ ቀርቶ ታሪክ ጠባቂ ይባላል።

ስማቸው በወረቀት ሳይለመን በሥራቸው የሚነበብ ሰዎችም አሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1910ዎቹ ጅጅጋን ያስተዳደሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ለከተማዪቱ ፕላን አወጡ፥ መንገዶችዋንም በቀጥታ አስቀየሱ። በዚያ መንገድ ዛሬ ውኃ ተሸክማ የምታልፍ ሴትና ግመል የሚነዳ ልጅ የርሳቸውን ፊርማ አልለመኑም፤ ስማቸውንም ምናልባት ሰምተው አያውቁ ይሆናል። ነገር ግን በየቀኑ የሚረግጡት የእጃቸውን ጽሕፈት ነው። የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይንገራቸው፤ ዕዳው የሚያውቀው ሰው ነውና።