ጠመንጃና አደራ

ወገኖቼ፣ ጠመንጃ የጋራ ሊሆን ይችላል? ጥያቄው ጨዋታ እንዳይመስላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ሕግ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛን በባለቤቱ ስም ያስመዘግባል። በአንድ ሰው ስም የተመዘገበውን ሌላው ለብቻው ይዞ ቢገኝ ሊቀጣ ይችላል። ታዲያ መላ ተገኘ፦ የአደራ ሰነድ ይቋቋማል፣ ዕቃው የአደራው ይባላል፣ ባለአደራዎቹ ሁሉ ይገለገሉበታል፤ አንዱ ቢሞት ለሌላው ይቀራል። ይሁንና እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ እነዚህ ባለአደራዎች የጣት አሻራ አይጠየቁም ነበር።

አሁን ከሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማ እንውረድ። እዚህ የአባትን ምንሽር የሚወርሰው ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177ም ፈቃድ አውጣ ይለዋል። ሰው የወደቀ እንደሆነ ግን ደሙ ለዘመድ አዝማድ ይተርፋል፤ ጠመንጃውን ነክቶ የማያውቅ ያጎት ልጅ ሳይቀር አገር ጥሎ ይሸሻል።

እዚያ መገልገሉን ተጋሩ፣ እዚህ ዕዳውን ተጋራን። ሁለቱም ጎደሎ ነው። አደራ አደራ የሚሆነው የሚይዘውና የሚጠየቀው ሰው አንድ ሲሆን ነው። የማይጠየቅ ባለአደራ ለአደራ በላነት የቀረበ ነው፤ ሳይዝ የሚጠየቅም ግፍ የተዋለበት ነው። ሰነዱ አሥር ስም ይያዝ፣ ምን ገዶኝ! አሥሩም ግን ይፈርሙ፣ አሥሩም ይጠየቁ።