ቀዩ ቀሚስ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። የእህቷ ልጅ ድረ ገጽ ከፈተላትና ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠውን የጎብኚ መከታተያ፣ አናሊቲክስን፣ አስገባበት። ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ይመጣል። «አክስቴ፣ ዛሬም የሚያዩት ቀዩን ቀሚስ ነው፤ ከነጩ አምስት እጥፍ!»

አመነችው። ሸማኔዎቹ ነጩን ትተው ቀዩን እንዲሠሩ ቀብድ ሰጠች። ጥበብ የሳምንታት ሥራ ነውና ገንዘቧ እዚያው ታሰረ። ሐምሌ ሲገባ ቀያዮቹ መደርደሪያው ላይ እንደተቆለሉ ነበሩ። ተመልካቹ ግን አልቀነሰም።

«ያየውን ሰው ቆጠርክልኝ፤ የገዛውስ?» አለችው።

ልጁ አልተከራከረም፤ ተመልሶ የጎብኚዎቹን ዱካ ገጽ በገጽ ተከተለ። ቀዩን የሚያዩት አብዛኞቹ ከአንድ የቲክቶክ ቪዲዮ የመጡ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ ሰከንዶች ቆይተው ይወጣሉ። ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚገቡት ጥቂት ናቸው። እነሱ ነጩ ላይ ይቆያሉ፣ ወደ ቅርጫት ያስገቡታል፣ የልብስ ልክ የሚሞላበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ይጠፋሉ።

«ዋጋው በዝቶባቸው ይሆናል፤ እንቀንስ።»

«እዚያ ሲደርሱ መውጣታቸውን አየህ። ለምን እንደወጡ ማን ነገረህ?»

ሴትየዋን የማደንቃት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ነጋዴ በዚህ ጊዜ ዋጋ ይሰብራል፤ እሷ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖር የቆየች ደንበኛዋ ደወለች።

«እትዬ፣ ደረት ስንት ሳንቲ ሜትር ነው ይላል። እዚህ ያለን መለኪያ በኢንች ነው። ነገ አስልቼ እሞላዋለሁ እያልኩ ቀረ።»

ልጁ በዚያው ሌሊት ኢንቹን ጨመረ፤ ከ94 ጎን 37 ገባ። ሜትሩ በብብት ሥር ዞሮ ደረት ላይ ሲገጥም የሚያሳይ ፎቶም ለጠፈ። ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ትእዛዝ መምጣት ጀመረ።

«ታዲያ ቀዩን ከገጹ ላውርደው?»

«ነጩን ከገዙት መሀል መጀመሪያ ቀዩን ከፍቶ የገባ የለም?»

ፈለገ። ነበሩ፤ እንዲያውም ከግማሽ በላይ። ቀዩ ባለበት ቀረ፣ ከሥሩ የነጩ ፎቶ ተጨመረ፣ የሸማኔዎቹ ቀብድም ወደ ነጩ ዞረ።