ካልጠየቀችኝ መናገር አለብኝ?

 

ዛሬ ስለ ድንጋይ ነው የምናወራው። አትሳቁ። ድንጋዩ ሳፋየር ነው፤ ነገሩም የኒካሕ ቀለበት ነው። እናንተም ነገ ከነገ ወዲያ ኢንሻአላህ የምትገቡበት ጉዳይ ነው።

ኒካሑ ሊታሰር ሦስት ሳምንት የቀረው አንድ ወንድም የሁለት ቀለበት ፎቶ ላከልኝ። የአንደኛው ፈርጥ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ ከመግሪብ በኋላ ገና ሳይጨልም ያለውን ሰማይ ይመስላል። ሁለተኛው ፈዘዝ ብሎ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሁለቱም ከመሬት የወጡ የተፈጥሮ ሳፋየሮች ናቸው፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። «የቱ ያምራል?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «የመጀመሪያው!» ብዬ መለስኩ። ከዚያ ሁለተኛው መልእክት መጣ። ሻጩ፣ አላህ ይስጠውና፣ ሳይደብቅ ነግሮታል፦ ሰማያዊው ቀለሙ እንዲደምቅ እሳት የገባ ነው፤ ፈዛዛው ግን ከተቆረጠና ከተወለወለ በቀር ምንም አልተደረገበትም። ወንድማችን ደግሞ ለልጅቷና ለቤተሰቧ «ምንም ያልተነካካ የተፈጥሮ ድንጋይ አመጣለሁ» ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል። «ሰማያዊውን ብወስድ በዓይን የሚለየው የለም። ካልጠየቀችኝ መናገር አለብኝ?»

ለዚህኛው ቶሎ መመለስ አልቻልኩም።

እስቲ መጀመሪያ ድንጋዩን እንወቀው። ብዙዎቻችን ሳፋየር ሲባል ሰማያዊ ብቻ ይመስለናል። የእንግሊዟ ልዕልት ዲያና እ.ኤ.አ. በ1981 ስትታጭ ያጠለቀችው ባለ 12 ካራት ሰማያዊ ሳፋየር ይህን ሐሳብ ሳያጠናክረው አልቀረም። ማዕድኑ ኮረንደም ይባላል፤ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ነው። ፍጹም ንጹሕ ሲሆን እንደ ውኃ ቀለም የለውም። ጥቂት ብረትና ቲታኒየም ሲገባበት ሰማያዊ ይሆናል። ብረት ብቻውን ሲሆን ወደ ቢጫ ይሄዳል። ክሮሚየም ሲገባበት ሮዝ፣ በደንብ ሲቀላ ደግሞ ስሙ ተቀይሮ ሩቢ ይባላል። ዐረቦች ሁሉንም ያቁት ብለው በቀለሙ ይለያሉ፤ ቀይ ያቁት፣ ሰማያዊ ያቁት፣ ቢጫ ያቁት። ሱብሓነላህ፣ ይህን ድንጋይ የምንወድለት ቀለም የመጣው በውስጡ ከተደባለቀው ባዕድ ነገር ነው።

የከበረ ድንጋይ መውደድ ነውር አይደለም። በሰሒሕ ሙስሊም በተዘገበው የአነስ (ረ.ዐ) ሐዲስ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀለበት የብር፣ ፈርጡም ሐበሻዊ እንደነበር ተነግሯል። ኢማም ነወዊ ሲያብራሩት፣ ማዕድኑ ከሐበሻና ከየመን የሚመጣ ጀዝዕ ወይም ዐቂቅ ስለሆነ ነው የሚለውንም፣ ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ ነው የሚለውንም የዑለማ አስተያየት ጠቅሰዋል። (ይህን ስታነቡ ደረታችሁን ትንሽ ነፋ ካደረጋችሁ አልፈርድባችሁም።) ወንድሞች፣ ለእናንተ ብር ነው፤ ወርቁን ለእህቶች ተዉት።

«የተወለድኩበት ወር ድንጋይ ነው»፣ «ሰማያዊው ዕድል ያመጣል፣ ከዓይን ይጠብቃል» ብሎ ቀለም መምረጥን በተመለከተ ግን ብዙ አልቆይበትም። ዑመር (ረ.ዐ) በከዕባው ጥግ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ሲስሙ እንኳ፣ ድንጋይ መሆኑን፣ እንደማይጎዳና እንደማይጠቅም፣ የሚስሙትም ነቢዩ ሲስሙት ስላዩ ብቻ እንደሆነ ተናግረዋል። ከዚያ በኋላ ከሱቅ የገዛኸው ድንጋይ ምን ሊያደርግልህ ነው?

ቀለሙን ስትመርጡ ከሱቁ መብራት አውጡት። ሱቅ ውስጥ የሚበራው አምፖል ድንጋይን ለማስዋብ የተሰቀለ ነው። በር ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳታርፍበት እዩት፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ድገሙት። ጥላ ውስጥ የሚጠቁር ሰማያዊ ማታ ማታ ጥቁር ጠጠር ነው የሚሆንባችሁ። መሐሉ እንደ መስታወት ወለል ብሎ ጣታችሁን የሚያሳይ ከሆነም አቆራረጡ ጥሩ አይደለም። በጥንካሬ በኩል አታስቡ፤ በሞህስ መለኪያ 9 ነው፣ ከአልማዝ ቀጥሎ የሚጠራ። ዕቃ ሲታጠብም ሆነ ውዱእ ሲደረግ አይፈራም። (ቀለበቱ ጠባብ ከሆነ ውኃው ከሥሩ እንዲገባ ማንቀሳቀሱን አትርሱ።)

አሁን ወደ እሳቱ። የእኛም አገር ሳፋየር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ገደማ በትግራይ፣ ከአክሱም ብዙም በማይርቀው በጭላ አካባቢ ተገኝቷል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር የመጣ ስለሆነ ጠቆር ያለ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚነካካው ይበዛዋል። እንዲህ ያለውን ድንጋይ የዓለም ነጋዴዎች በምድጃ ያሞቁታል፤ ሙቀቱ አንዳንዴ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ያኔ ጥቁሩ ይነጣል፣ ፈዛዛው ይደምቃል፣ ደመናው ይገፈፋል። ዛሬ በገበያ ላይ ካለው ሳፋየር አብዛኛው እሳት ያየ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩት ታላቁ ሊቅ አል-ቢሩኒ ያቁትን በእሳት ስለማጥራት ጽፈዋል።

እና ይህ ቀለም ውሸት ነው? እኔ አይደለም እላለሁ። በተራው የማሞቅ ሥራ ከውጭ የተጨመረ ቀለም የለም፤ እሳቱ በድንጋዩ ውስጥ አላህ ያኖረውን ብረትና ቲታኒየም ነው የሚያሠራው። ቤሪሊየም የሚባል ንጥረ ነገር በሙቀት እየሰረገ እንዲገባበት የሚደረገው፣ ስንጥቁ በመስታወት የሚሞላው፣ ወይም ከነጭራሹ በፋብሪካ የተሠራው ሌላ ነው። እነሱም ቢሆኑ በስማቸው ከተሸጡ ሐራም የሚላቸው ያለ አይመስለኝም፤ በሌላ ስም መሸጣቸው ነው ጣጣው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ነጋዴውን ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ልብ በሉ፣ ዝናቡን ያዘነበው ሰውየው አይደለም። የረጠበ እህልም ይሸጣል፣ ይበላል። የተወቀሰበት እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነው።  «ካልተጠየቅኩ» የሚለው ምክንያት ለእሱም ሊኖረው ይችል ነበር።

ወንድማችን ይህን ስነግረው ተከራከረኝ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። «እኔ እኮ ነጋዴ አይደለሁም። እየሸጥኩላት ሳይሆን እየሰጠኋት ነው። ስጦታ ሲሰጥ ዋጋ ይነገራል እንዴ? እሷ የምትወደው ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ያው ነው።» እውነት አለው። ስጦታ ሰጪ ደረሰኝ አያሳይም፣ አያስፈልግምም። እሱ ምንም ሳይናገር ሰማያዊውን አምጥቶ «እንቺ» ቢላት ኖሮ እኔም ዝም በል እለው ነበር።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቀለበቱ የመህሩ አካል ነው። መህር የእሷ ሐቅ ነው፤ ስለምን እንደተስማማች ማወቅ አለባት። ሁለተኛ፣ «ያልተነካካ» ያለው እሱ ራሱ ነው። እሷ ያንን ይዛ ነው ያለችው። ዝምታው ባዶ ዝምታ አይደለም፣ ቀድሞ በተናገረው ላይ የተደረበ ነው። እርጥቡን እህል ከታች ያደረገው ነጋዴም የተወቀሰው በቃል ስለዋሸ አይደለም።

ደግሞ ሌላ ቀን አስቡ። እናቶቻችን የመህር ወርቃቸውን የሚያወጡት መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልጅ ሲታመም፣ ቤት ሲጎድል፣ ባል ሲሞት። (በነገራችን ላይ ፈርጥ እንደ ወርቅ በግራም ተመዝኖ በቀላሉ አይሸጥም፤ ለክፉ ቀን የሚሆናትን ከፈለጋችሁ ወርቁን አስቡ።) ያቺ ሴት በዚያ ክፉ ቀን ሳፋየሯን ይዛ ትወጣለች። አንድ የማታውቀው ሰው በማጉያ መነጽር አይቶ፣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የሐር ክር የሚመስሉ ነገሮች በሙቀት መሟሟታቸውን ይነግራታል። የዋጋው ልዩነት ያን ያህል አይደለም እንበል። ግን የባሏን ነገር ከባዕድ አፍ ልትሰማ ነው።

ይህ ነገር ወደ ኋላም ይሄዳል፣ ድንጋዩን ቆፍሮ እስካወጣው ሰው ድረስ። በስሪላንካ ጌውዳ የሚባል ወተት የመሰለ ድንጋይ አለ። ድሮ የሚፈልገው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታይላንድ ነጋዴዎች እሳት ሲገባው ጥሩ ሰማያዊ እንደሚወጣው ስላወቁ በርካሽ እየገዙ ወሰዱት። ሻጮቹ የያዙትን አያውቁም ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከገጠር ዕቃ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ገበያ ደርሰው ዋጋ ሳያውቁ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛትን ከልክለዋል፤ ለሻጩም ገበያ ሲደርስ ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ ሰጥተዋል። ጌውዳው ከዚህ ጋር አንድ ነው ወይስ ነጋዴው የደከመበት ሙያ ዋጋ ነው? እውነቴን ነው፣ እኔ እስካሁን እያሰብኩበት ነው። የከበሩ ማዕድናት ንግድ የምትሠሩ ወንድሞች ካላችሁ የምታውቁትን ጻፉልን።

ወንድማችን ነገራት። ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። ሁለቱንም ቀለበት ከሻጩ በአማና ወስዶ ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ወሊዋ ባለበት አሳያት፤ የትኛው እሳት እንደገባውም ነገራት። ከበድ ብሎ የጠበቀው ቁጣ ነበር። እሷ ግን ትንሽ አገላብጣ አይታ ሰማያዊውን መረጠች። ፈዛዛው እንደማያምርባት አስቀድማም ታውቅ ነበር ይመስለኛል። ታላቅ ወንድሟ ግን «መጀመሪያ ያልተነካካ ነበር ያልከው» ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም፤ ዋሊማው ላይም ደግሞታል።

ሱረቱል ከህፍን ያልቀራችሁ፣ ዐስር ሳይገባ።