ሃያኛዋ ጎል

በእንግሊዝ አገር፣ ከማንቸስተር በስተሰሜን፣ ዝናብ በማይለያት አንዲት ከተማ አንድ አጥቂ ነበር። የሚጫወተው በሊግ ቱ ነው፤ ከፕሪሚየር ሊጉ ወደ ታች ሲቆጠር አራተኛው እርከን። ዕድሜው 34። ጉልበቱ ሁለቴ ቀዶ ጥገና ቀምሷል። አንዱ ክለብ በነጻ አሰናበተው፣ አንዱ በውሰት ላከው፣ አንዱ ደመወዙን እንደያዘ ፈረሰ። ተጫዋች አያታልል፣ ከሩቅ አይመታ፤ ግን ኳስ ተተራምሳ የምትወድቅበትን ቦታ ቀድሟት ይደርሳል። ይህን ማንም አላስተማረውም፣ ማንም አልወሰደበትም።

የክለቡ ባለቤት ጠሩትና፣ «ውሉ የአንድ ዓመት ነው። 20 ጎል ካገባህ ለከርሞ በራሱ ይታደሳል፤ ካላገባህ ሰኔ ሲያልቅ ተጨባብጠን እንለያያለን» አሉት። ፈረመ። እሳቸውም ፈረሙ፤ በዚህ ዕድሜው ሃያ አያገባም ብለው።

ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ጎረቤታቸው ቡሪ፣ እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ የኖረ ክለብ፣ በገንዘብ ጉድለት በ2019 ከሊጉ ተባሯል። በዓመቱ ማክልስፊልድ በፍርድ ቤት ፈርሷል። ይህን ያየ ሰው አንዷን ፓውንድ ሁለቴ ሳያገላብጥ አያወጣም።

ዓመቱ 46 ጨዋታ ነው። ሚያዝያ ሲደርስ አጥቂው 19 አግብቷል። ባለቤቱ በየጎሉ ይነሳሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይቀመጣሉ፤ ከአሥራ አምስተኛዋ ወዲህ ግን አነሳሳቸው ዘግየት ብሏል።

የመጨረሻው ጨዋታ መጣ። ሁለቱም ቡድኖች አይወጡም፣ አይወርዱም። ዜሮ ለዜሮ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ዳኛው ሪጎሬ ሰጡ። ስታዲየሙ የአጥቂውን ስም ጠራ፤ የሃያኛዋን ነገር የማያውቅ የለም።

የእንግዳው ቡድን በረኛ ደግሞ የድሮ ባልንጀራው ነው። በሌላ ክለብ ሳሉ ሁለት ዓመት በአንድ መኪና ልምምድ ተመላልሰዋል፤ ቤንዚን ተጋርተዋል፤ የቤት ኪራዩንም የልጆቹንም ነገር እዚያው መኪና ውስጥ ተጫውተዋል። የበረኛውም ውል ሰኔ ላይ ያልቃል። ጎል ሳይገባበት በወጣ ቁጥር ትንሽ ቦነስ አለችው።

በረኛው ኳሷን አነሳ። ጭቃዋን በማሊያው ጠረገ፤ አገላብጦ እንደገና ጠረገ። አምጥቶ እጁ ላይ ሲያስቀምጥለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወዴት ነው?» አለው።

አጥቂው ኳሷን አየ። «ወደ ቀኝህ።»

በረኛው ወደ መስመሩ ተመለሰ። ፊሽካ ተነፋ። በረኛው ወደ ግራው ተወረወረ። ኳሷም ወደ ግራው መጣችና ደረቱ ላይ ተለጠፈች።

ሕዝቡ ራሱን ያዘ። ባለቤቱም ራሳቸውን ያዙ፤ ከሌላው ሰው ጥቂት ዘግይተው።

በረኛው ለሚቀርበው ሰው፣ «ቀኙን ትቼለት ነበር» አለ፤ ወሬውም ወጣ። አጥቂው ሲጠየቅ፣ «እግሬ ከዳኝ» ብቻ አለ። እግሩ ግን ዓመቱን ሙሉ አልከዳውም፤ ከ19ኙ ስድስቱ በሪጎሬ የገቡ ናቸው፣ ስድስቱም ወደ በረኛው ቀኝ። መጠጥ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የሁለት ሰው ቸርነት መንገድ ላይ ተጋጨ ያለ አለ። የለም፣ በረኛው የተነገረውን አላመነም፣ አድኖ ቦነሱን ሊበላ ነው ያለም አለ። አንድ ሽማግሌ ደጋፊ ግን፣ «ትኬት የገዛሁት እኔስ?» አሉ። ከእሳቸው ጋር መከራከር ይከብዳል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አጥቂው ከርሞውን አጣ። በረኛው የአንድ ጨዋታ ቦነስ አገኘ፤ ሰኔ ላይ እሱም ተሰናበተ። የዓመት ደመወዝ የተረፈው ለአንድ ኪስ ነው፤ ያ ኪስ ደግሞ ሜዳ ውስጥ አልነበረም።

በየመልበሻ ቤቱ የሚወራው ሌላ ታሪክ ነው። ሪኪ ላምበርት የሚባል አጥቂ፣ ብላክፑል ካሰናበተው በኋላ፣ ቀይ ሥር በሚታሸግበት ፋብሪካ ሠርቷል። በማክልስፊልድ፣ በስቶክፖርት፣ በሮችዴልና በብሪስቶል ሮቨርስ ዞሮ ሳውዝሃምፕተን ደረሰ። በ2013፣ በ31 ዓመቱ፣ ዌምብሌይ ላይ ተቀይሮ ገባና ለእንግሊዝ የነካትን የመጀመሪያ ኳስ በጭንቅላቱ ከስኮትላንድ መረብ ጋር አገናኛት። እውነት ነው፤ ደስም ይላል። ክለቦቹም ይወዱታል፤ ይህን የሰማ ልጅ ውሉን አንብቦ ሳይጨርስ ይፈርማላ።

በነሐሴ ባለቤቱ አዲስ አጥቂ አስፈረሙ። 22 ዓመቱ ነው፤ የላምበርትን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል። ውሉ ያው የድሮው ነው፣ 20 ጎል ይላል። አንዲት መስመር ብቻ ተጨምራበታለች፦ በሪጎሬ የገባ አይቆጠርም።