በዕንቁላሎቿ ላይ የተቀመጠች ወፍ

ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ከአንድ የወፍ ጎጆ የመጣ ነው። ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ እኛም በመጀመሪያ ትንሽ መስሎን ነበር። ለማይጠቅመን፥ አንዳንዴም ለሚጎዳን ፍጥረት ምሕረት ማድረግ ይገባናልን? የሚገባን ከሆነስ የምሕረቱን ዋጋ ማን ይክፈል?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፥ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ቀናት፥ በቀጨኔ ነው። ቀጨኔ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በጉለሌ በኩል የሚገኝ፥ በሸክላ ሠሪዎቹና በሸማኔዎቹ የታወቀ ሰፈር መሆኑን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሰፈር በየጊዜው የምንጠይቃቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እማማ አሉ። በግቢያቸው ጥግ አንድ ረዥም ባሕር ዛፍ ቆሞ ነበር፤ ከላይ፥ ግንዱ ሁለት በሚሆንበት ቦታ፥ ጥንድ ጭልፊቶች ጎጆ ሠርተውበታል። ጭልፊት ስንል ምንቃሩ ቢጫ፥ ጅራቱ በመካከል የተሰነጠቀ፥ ከሥጋ ቤት ደጅና ከቆሻሻ ክምር ላይ የማይጠፋውን ቡናማ ወፍ ማለታችን ነው፤ ብዙ ሰው በደፈናው አሞራ ይለዋል። ወዳጅ የሌለው ወፍ ነው። ጫጩት ይነጥቃል፥ ከሰው እጅም ሥጋ ይነጥቃል።

ዛፉ ግን ተሽጦ ነበር። የገዙት በጎረቤት የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ወይዘሮ ናቸው። ግንዱን ለአጥር ለሚፈልግ ሰው ሊሸጡት፥ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን ደግሞ ሸክላቸውን ሊተኩሱበት አስበው ቀብድ ከፍለዋል። ዛፍ ቆራጩ ምሳሩን ይዞ በመጣ ዕለት እኛም እማማን ልንጠይቅ ደርሰን ነበርና የሰፈሩ ልጆች ከበቡን። «አባ፥ ወፏ ታቅፋለች! አይቆረጥ በሏቸው!» አሉን። ቀና ብለን ብንመለከት ከጎጆው አፋፍ ላይ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ይታያል። እኛም ብዙ ሳናስብ፥ «ዕንቁላሉ እስኪፈለፈል ቢቆይ ምን ይጎዳል?» አልን። ሸክላ ሠሪዋ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ይቆይ ካሉ ይቆያል፥ አባ» አሉ። ልጆቹ ጮኹ፤ ዛፍ ቆራጩ ምሳሩን አነሣ፤ እኛም መልካም ሥራ የሠራን መስሎን ደስ ብሎን ተመለስን።

በሚቀጥሉት ቀናት ወፏን መመልከት ልማድ ሆነብን። የቀጨኔ የጥር ሌሊት ብርዱ ምን ያህል እንደ ሆነ እዚያ ያደረ ያውቀዋል፤ ዕንቁላል ግን ከዶሮም ሆነ ከጭልፊት ሕይወት የሚይዘው ከእናቲቱ ገላ ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ካገኘ ብቻ ነው። ስለዚህ በመታቀፊያዋ ወራት ከሆዷ ላይ ላባው ይረግፍና ራቁት የሆነው ቆዳዋ ከዕንቁላሉ ጋር ይገናኛል። በየጊዜውም በምንቃሯ ታገላብጠዋለች። ጭልፊት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዕንቁላል ትጥላለች፤ የምትታቀፈውም አምስት ሳምንት ያህል ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጎጆው ብዙ አትርቅምና ምግብ የሚያመጣላት ወንዱ ነው። በቀን ጥቂት ጊዜ አንድ ነገር በጥፍሩ ይዞ ሲመጣ አይተነዋል፤ ከየት እንዳመጣው ግን ባንጠይቅ ይሻላል።

ለዚህ ዓይነቱ የሥራ ክፍፍል የታወቀ ሌላ ወፍ አለ። በአማርኛ ዓሣ አውጭ ይባላል፤ ስሙም በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት ወፎች ጋር ተጠቅሷል። በአውሮፓ ብርድ ሲሆን ወደ ዝዋይና ወደ አዋሳ፥ ወደ ጣናም ሐይቅ ይመጣል፤ እግሩን አስቀድሞ ከውኃው እየተወረወረ ዓሣ ያጠምዳል። በቅርባችን የሚፈለፍለው በቀይ ባሕር ደሴቶች ላይ ነው። ሴቲቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዕንቁላል ጥላ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ትታቀፋለች፤ ወንዱ ዓሣ ያመጣላታል፥ እርሷ ስትበላም ተተክቶ ይታቀፋል። በየዓመቱም ወደዚያው ወደ አሮጌው ጎጆ ይመለሳሉ።

ይህ ፍቅር ነውን? በዘርዐ ክህነት ፍልስፍና ስንማር መልሱ አጭር ነበር፤ እንስሳ በተፈጥሮ ግፊት እንጂ በምርጫ አይሠራም፥ ምርጫ በሌለበትም ምግባር የለም የሚል ነው። ወፏ ትታ መሄድን መምረጥ የማትችል ከሆነ መቀመጧ አያስመሰግናትም። ይሁንና ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ራሱ ስለ ጋብቻ ሲጽፍ ወፎችን ምስክር አድርጎ ጠርቷቸዋል፤ እናቲቱ ብቻዋን ልታሳድግ በማትችልበት ወገን ሁሉ ወንዱ ልጆቹ እስኪያድጉ ድረስ ከእርሷ ጋር ይቆያል ይላል። ይህን ስናነብ በቀጨኔም ሆነ በሌላው ሰፈር ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ፊታችን ላይ ይመጡብናል፤ ነገር ግን ይህ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ የምናገኘው ሕግ ለጉዳያችን የቀረበ ነው። በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው፥ እናቲቱ በዕንቁላሎቹ ወይም በጫጩቶቹ ላይ ተቀምጣ ሳለች እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ልጆቹን ሊወስድ ይችላል፥ እናቲቱን ግን መልቀቅ አለበት። ለዚህ ትንሽ ትእዛዝ የተሰጠው ተስፋ፥ መልካም ይሆንልህ ዘንድ ዕድሜህም ይረዝም ዘንድ የሚል፥ አባትንና እናትን ለማክበር ከተሰጠው ተስፋ ጋር አንድ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊው ፈላስፋ ሙሴ ማይሞኒደስ፥ እናት ለልጇ የምትሳሳው በማመዛዘን አይደለምና በዚህ ረገድ የሰውና የእንስሳ ሕመም አይለያይም ብሏል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ቅዱስ ቶማስም የሕጉን ምክንያት በሰው በኩል ፈለገው፤ ለእንስሳ መራራትን የለመደ ሰው ለባልንጀራው መራራት አይከብደውምና። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ፍጥረት ባወጡት መልእክት ይህንኑ ሕግ ጠቅሰዋል። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ ወንጭፍ ይዘው ለሚመጡ ልጆች ከዚህ የተሻለ ንባብ አታገኙምና አትለፉት።

ነገር ግን ሕጉን ደጋግሞ ላነበበው ሰው ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፥ ሕጉ የተጻፈው ለሚርበው ሰው ነው። ዕንቁላሉን አትብላ አላለውም፤ ብላ፥ ሁሉን ግን አትውሰድ አለው። ሁለተኛ፥ የሚናገረው ጎጆውን ላገኘው ለራሱ ለሰውዬው ነው። ሌላው ያገኘውን ጎጆ በተመለከተ ከዳር ቆመን እንድንፈርድ የሰጠን ሥልጣን የለም። ይህን ሁለተኛውን ነገር ያየነው በማንበብ ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንዳየነው እንናገራለን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ በሸክላ ሠሪዋ ደጅ ስናልፍ ግቡ አሉን። ቤታቸው ያልተተኮሰ ሸክላ ሞልቶታል። ጀበናው በአልጋው ሥር፥ ምጣዱ ግድግዳ ተደግፎ፥ ድስቱ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። ደርቋል፥ ተወልውሏል፤ የቀረው እሳት ብቻ ነው። ያልተተኮሰ ጀበና ውኃ ቢነካው ወደ ጭቃነቱ ይመለሳልና ማንም አይገዛውም። ለዛፉ ቀብድ የከፈሉት ገንዘብ ለሌላ እንጨት መግዣ የነበረው ነው። ሁለት የገበያ ቀን አልፏቸዋል።

«ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

«አባ፥ እርስዎ በሰው ፊት ይቆይ ሲሉ እንዴት እምቢ ይባላል?» አሉን። ቀጥለውም፥ «ለመሆኑ ሲፈለፈል ጫጩቱ ወዲያው ይበራል እንዴ?» ብለው ጠየቁን።

አይበርም። ከተፈለፈለ በኋላ እስኪበር ገና ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ያስፈልገዋል። እኛ «እስኪፈለፈል» ስንል ይህን አላሰብንም ነበር፤ የጠየቅናቸው ከሁለት ወር ተኩል በላይ የሚሆን ጊዜ ነው። ይህን ስንነግራቸው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«ወፏን አልጠላኋትም፤ እርሷም እናት ናት» አሉ በመጨረሻ። «ግን አባ፥ እርሷን የሚቀልብ ባል አላት።»

ለዚህ ቃል መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች በአገራችን ቡዳ እየተባሉ ስንት ዘመን እንደ ተናቁ እናውቃለን፥ ከመንበረ ታቦቱም ፊት ስለዚህ በደል ሰብከናል። ያን ዕለት ግን በዛፉ ሥር ቆመን ለወፏ ስንራራ፥ ዛፉን የገዙትን ሴት «ይህ ለእርስዎ ምን ያስከፍልዎታል?» ብለን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅናቸውም። የለገስነው ምሕረት ከእርሳቸው ኪስ የወጣ ነበር። ምስጋናውን ከልጆቹ የተቀበልነው ግን እኛ ነን።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንስሳትን ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል የሰውን ክብር የሚቃረን መሆኑን ያስተምራል፤ በዚያው ቍጥር ደግሞ የሰውን ችግር ለማስወገድ ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማዋል እንደማይገባ ይናገራል። አንዳንዶች ይህን ሁለተኛውን ክፍል ይዘው፥ «እንግዲያስ ዛፉ ይቆረጥ፥ ወፍ ወፍ ናት» ይሉናል። እኛ ግን እንዲህ ብለን ልንፈርድ አልቻልንም። የወፏ መቀመጥ ከንቱ ነገር ነው ለማለት ያየነውን አላየንም ማለት አለብን። ያጠፋነው በመራራታችን ሳይሆን ሒሳቡን ለሌላ ሰው በመተዋችን ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ነገር ላይ የዓሣ አውጭው ታሪክ ረድቶናል። ይህ ወፍ በስኮትላንድ በአዳኞችና በዕንቁላል ሰብሳቢዎች ምክንያት ከጠፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንዶቹ ሎክ ጋርተን ወደሚባል ሐይቅ ተመለሱ። የወፍ ወዳጆች ማኅበር አባላት ዛፉን ሌሊት በየተራ ይጠብቁ ጀመር። በ1958 አንድ ሌባ በጨለማ ወጥቶ ዕንቁላሎቹን ወሰደ፤ በምትካቸውም በጫማ ቀለም የተቀባ የዶሮ ዕንቁላል ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ጥበቃው ጠነከረ፥ ጫጩቶቹም ተፈለፈሉ። ወፉ እንዲኖር የፈለጉት ሰዎች በብርድ ያደሩት ራሳቸው ናቸው፤ ከመንደሩ ድኻ ጠርተው አንተ እደርልን አላሉም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አይሆንም። በዚያው ዘመን በእርሻ ላይ የሚረጨው ዲዲቲ የተባለው መድኃኒት በዓሣው በኩል ወደ ወፏ ሰውነት እየገባ የዕንቁላሏን ቅርፊት ያሳሳው ነበር፤ ልትታቀፈው ስትቀመጥ በገዛ ክብደቷ ትሰብረዋለች። አሜሪካ መድኃኒቱን በ1972 ከለከለች። በአገራችን ግን ወባን ለመከላከል ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ተረጭቷል፥ ብዙ ሕይወትም አድኗል። በወባማ ቆላ ለምትኖር እናት ስለ ወፍ ዕንቁላል ብለሽ ተይው የሚላት ሰው በምትኩ ምን እንደሚሰጣት አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

እኛም የሚገባንን ከፈልን። የሸክላ ሠሪዋን ቀብድ መልሰን ሰጠናቸው፥ ለመተኮሻ የሚሆን እንጨትና ጭራሮም ገዛንላቸው። ዛፉ ጫጩቶቹ እስኪበሩ እንዲቆይ፥ ከዚያም በኋላ ያለ ተጨማሪ ዋጋ የእርሳቸው እንዲሆን ከእማማ ጋር ተስማማን። ያለፉትን ሁለት የገበያ ቀናት ግን ልንመልስላቸው አልቻልንም። ያንንም እንጨት ከእንጦጦ በጀርባዋ ተሸክማ ያወረደችው ሌላ ሴት ናት፤ የጠየቀችውን ከፍለናታል፥ ሸክሙን ስታወርድ ግን ወገቧ ወዲያው አልቀናም። ምሕረታችን አሁንም በሰው ጀርባ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህን እዚህ ላይ ከመጻፍ በቀር ምን እንደምናደርገው አላወቅንም።

በየካቲት መጨረሻ ከጎጆው የጫጩት ድምፅ ተሰማ። ሁለት እንደ ሆኑ ልጆቹ ነገሩን። እማማ ደግሞ ሌላ ወሬ ነበራቸው፤ ከዶሯቸው ሥር አራት ጫጩት ተነጥቋል። «የእርስዎ ወፍ ናት የበላችብኝ» አሉን ደጁን ገና ሳንገባ። የአራቱንም ጫጩት ዋጋ ከፍለናል።

ጫጩቶቹ በሚያዝያ በረሩ፤ ዛፉም ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ። ጎጆው ከነጭራሮው ወርዶ ሲታይ በውስጡ የፌስታል ቁራጭ፥ አጥንት፥ ቡትቶ፥ የነጠላ ጥለት ብጣሽም ነበረበት። እማማ ጥለቱን አንሥተው አገላብጠው አዩትና «ይኸ የኔ ነው» አሉ። ሸክላ ሠሪዋ ሳቁ፤ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ከልጆቻቸው ጋር ወደ ደጃቸው ጎተቱ። በማግሥቱ ሲተኩሱ የጎጆውም ጭራሮ አብሮ ነደደ።