ፎቁን ሳትመርጪ ሰዓቱን ምረጪ

ልጄ፣ እንግዶችሽን ይዘሽ አዲስ አበባን ከላይ ልታሳዪ ስትነሺ ቀድመሽ የምትጠይቂው ስለ ፎቁ ነው፤ የቱ ይረዝማል፣ የቱ ያምራል ትያለሽ። እኔ ግን ሰዓቱን አስቀድሚ እልሻለሁ። ጀምበር ከ12 ሰዓት በኋላ ብዙም አትቆይም። ከዚያ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ከቢሮ ወጥቶ ታክሲ የሚሰለፍበት ነው። በ11 ተኩል ከመገናኛ ተነስቶ ጀምበር ስትጠልቅ አያለሁ ያለ ሰው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆንበት። አንቺ በ9 ተኩል ውጪ። ወሩንም እዪ፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ወርዶ እንጦጦን ይሸፍነዋል፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል።

ባቡሩን አትናቂው። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች ሲሄድ፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ በድልድይ ላይ ነው የሚያልፈው። ስልክሽን ከፊትሽ አድርጊና በቀኝ በኩል ቁሚ። 209 ሜትር የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ቀና ብለሽ ታይዋለሽ። ከሥሩ ያላለፈ ሰው በኋላ ከሩቅ ቢያየው ቁመቱ በቅጡ አይገባውም። ባቡር እያለ ኮንትራት ታክሲ መያዝ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ለማታው ቦሌ ይሻላል፤ ጣራቸው ላይ ካፌ ወይም ሬስቶራንት ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ቀድመሽ ደውዪ፦ ጣራው ዛሬ ክፍት ነው? ለድግስ አልተያዘም? ካሜራ ይፈቀዳል? ማኪያቶሽን አዘሽ ፊትሽን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙሪ። 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በግራ በኩል ፎቆቹን ትመታቸዋለች፣ መስታወቱ ሁሉ ወርቅ ይመስላል፤ ከበስተኋላው የእንጦጦ ጋራ እየጠቆረ ይሄዳል። ጥበቃው «ወደዚያ አታንሺ» ካለሽ አትከራከሪው። ፎቶ ብላችሁም አጥሩ ላይ አትንጠልጠሉ፤ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ልቤ የሚያደላው ግን ለእንጦጦ ነው። እሱን ለጠዋት አድርጊው፤ ሲመሽ የሚወርድ ታክሲ ይጠፋል። እስከ ሽሮ ሜዳ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሌላ ይዛችሁ ውጡ። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ እንግዶችሽ ቶሎ ይደክማቸዋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ በዝግታ አራምጃቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም እዚያው ናት። ከዚያ ላይ ሆነሽ ዓይንሽን እስከ ፍል ውሃ ድረስ አውርጂና እቴጌ ጣይቱ የወደዱት ቦታ የቱ እንደሆነ አሳያቸው፤ ከተማዋ ከጋራ ወደ ሜዳ እንዴት እንደወረደች በዓይናቸው ያዩታል። ነፋሱ ብርቱ ነውና ሹራብ ያዙ። ለመመለሻም ዝርዝር ብር ይኑርሽ፤ ታክሲው ካልሞላ አይነሳምና ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ውረዱ።