ለባልንጀራ ቤት ጫንቃን መስጠት



መጽሐፈ ነህምያን ስናነብ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን ፈጠን ብለን ማለፍ እንወዳለን። የሰው ስም ይበዛበታልና። ቀስ ብለን ብናነበው ግን የፈረሰውን የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሠሩት ግንበኞች ብቻ እንዳልነበሩ እናያለን። ካህናት ነበሩ፤ ወርቅ አንጥረኞችና ሽቶ ቀማሚዎች ነበሩ፤ ሰሎም የሚባል አለቃም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠርቷል። የኢያሪኮና የገባዖን ሰዎች በከተማይቱ ውስጥ መኖሪያ ሳይኖራቸው ከሩቅ መጥተው ድርሻቸውን ገነቡ። ስለ ቴቁሐ ሰዎች ሲናገር ግን መጽሐፉ አንድ አሳዛኝ ነገር ይጨምራል፤ ሕዝቡ ሲሠራ መኳንንቱ ጫንቃቸውን ለሥራው ዝቅ አላደረጉም (ነህ. 3፡5)።

ይህን ምዕራፍ ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችንም እንደ ኢያሪኮ ሰዎች የራሳቸው ባልሆነ መንደር ቤት ለመሥራት ባሕር ተሻግረው የሚሄዱ አሉ። መምህራን፣ ነርሶች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና ጡረተኞች የጉዞ ወጪያቸውን ራሳቸው ችለው፣ የዕረፍት ጊዜያቸውን ሰጥተው፣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በገጠር መንደር አሸዋና ድንጋይ ሲያመላልሱ ይከርማሉ። ይህ ሥራ ከወዴት እንደ ተነሣ፣ ለእኛስ ምን እንደሚያስተምረን በአንድነት እንመልከት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሚላርድ ፉለር በአሜሪካ የአላባማ ተወላጅ፣ ጠበቃና ነጋዴ ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው ባለ ብዙ ሀብት ሆኑ፤ ሀብቱ ሲበዛ ግን ትዳራቸው ሊፈርስ ደረሰ። በ1965 እርሳቸውና ባለቤታቸው ሊንዳ ሀብታቸውን ለመተውና ሕይወታቸውን እንደ አዲስ ለመጀመር ወሰኑ። ከዚያም በጆርጂያ ግዛት ወደምትገኘው ኮይኖኒያ ወደ ተባለችው የእርሻ ማኅበር ደረሱ። ስሟ በግሪክ ቋንቋ ኅብረት ማለት ነው። ይህችን ማኅበር የአዲስ ኪዳን ሊቅ የነበሩት ክላረንስ ጆርዳን ከሌሎች ጋር ሆነው በ1942 መሥርተዋት ነበር። ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕድ ይበሉባት ስለ ነበር በ1950ዎቹ ጥይት ተተኩሶባታል፤ ገበያም ተከልክላለች። ለድኾች ያለ ትርፍና ያለ ወለድ ቤት የመሥራት አሳብ የተወለደው በዚህች ስፍራ ነው።

በ1973 ፉለርና ቤተሰባቸው ያን ጊዜ ዛየር ወደምትባለው ወደ ኮንጎ ሄደው በምባንዳካ ከተማ ሦስት ዓመት ያህል ሠሩ። እዚያ ለቤት መሥሪያ የተገኘው ቦታ በቅኝ ግዛት ዘመን የአውሮፓውያንን ሰፈር ከአፍሪካውያን ሰፈር ይለይ የነበረ መሬት ነው። ስሙ ቦኮቶላ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ሰውን የማይወድ ማለት ነው። ሰው ከሰው እንዳይቀራረብ ባዶ የተተወው መሬት የቤተሰቦች መኖሪያ ሆነ። ስሙም ተለውጦ ሎሳንጋንያ ተባለ፤ የሚያስታርቅ፣ አንድ የሚያደርግ ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ክርስቶስ የጥልን ግድግዳ አፍርሶ ሁለቱን አንድ እንዳደረገ ሲጽፍ (ኤፌ. 2፡14) ያስተማረውን ምስጢር የምባንዳካ ሰዎች በገዛ መሬታቸው ላይ አዩት። ሥራው በቱምባ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ወደ ንቶንዶ መንደርም ደረሰ። ፉለር በ1976 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ።

በዚህ አሠራር ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቤቱን የሚቀበለው ቤተሰብ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። በገዛ ቤቱና በጎረቤቱ ቤት ላይ በጉልበቱ ይሠራል፤ ዋጋውንም እንደ ዐቅሙ ቀስ በቀስ ይከፍላል፤ የከፈለውም ለሚቀጥለው ቤተሰብ ቤት መሥሪያ ይሆናል። ለድኻ ወንድም ያበደሩትን በወለድ መቀበል እንደማይገባ ሕገ ኦሪት አስቀድሞ አዝዟል (ዘጸ. 22፡25)። እንግዲህ በዚያ ቤት የሚገባ ሰው ለማኝ ሆኖ አይገባም፤ ባለቤት ሆኖ ይገባል። ከሩቅ የመጣውም እንግዳ ከአዳኝ ይልቅ የሥራ ባልደረባ ነው።

ከመኳንንቱም መካከል ጫንቃውን ዝቅ ያደረገ አልጠፋም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ለዚህ ሥራ ጊዜያቸውን ይሰጡ ነበር። በ2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ከመታት በኋላም በሌኦጋን ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ቤት ሠርተዋል። በ2019፣ በ95 ዓመታቸው፣ ወድቀው ከዐይናቸው በላይ ቢሰፉም በማግሥቱ በናሽቪል ከተማ መዶሻቸውን ይዘው ከሠራተኞቹ መካከል ተገኙ።

ነገር ግን፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ብዙ ሰዎች የሚያነሡትን ጥያቄ ሸሽገን ማለፍ አይገባንም። ለአውሮፕላን የሚወጣው ገንዘብ ለመንደሩ ቢላክ ለአገሩ ግንበኛ የቀን ዋጋ፣ ለቤተሰቡም ቆርቆሮ አይሆንምን? ይህን የሚጠይቅ ሰው ክፉ አልተናገረም። በእርግጥም መንገደኛው የመንደሩን ግንበኛ እንጀራ የሚወስድ ከሆነ፣ ማንም ያልለመነውን ቤት በራሱ አሳብ የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም የድኾችን ሕፃናት ፎቶግራፍ እያነሣ ራሱን ለማስመስገን የሚሄድ ከሆነ፣ በቤቱ ቢቀመጥና ገንዘቡን ቢልክ ይሻላል። ጌታችን ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ብሎ ያስተማረው (ማቴ. 6፡3) ለእንዲህ ያለው ነው።

የአገሩን ግንበኛ እንደ አለቃው የሚታዘዝ፣ አሸዋ ነፍቶ ውኃ ቀድቶ የሚያቀብል፣ የቤቱን እመቤት ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ ግን ከገንዘቡ ጋር ራሱን ሰጥቷል። ሲመለስም እንደ ሄደ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ድኻ የሚለውን ቃል ሲሰማ በዐይኑ የሚመጣለት አብሮት ጭቃ ያቦካ ሰው ፊት ነው። ቃልም ሥጋ የሆነው በመካከላችን ሊያድር ነው (ዮሐ. 1፡14)፤ እግዚአብሔር ርዳታውን ከሩቅ ልኮ ዝም አላለም።

ይህ ትምህርት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በገጠራችን ምሰሶ ሲቆም፣ ማገር ሲማገር፣ ጭቃው በጭድ ሲቦካ፣ ሰው ጎረቤቱን በደቦ ይጠራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ሲያስተምሩን ነው። ከላይ ያነሣነው ድርጅትም ከ1993 ጀምሮ በአገራችን ሠርቷል። ታዲያ አንድ ጥያቄ ለሕሊናችን እናቅርብ። ባሕር የተሻገረው እንግዳ በመንደራችን ላለች መበለት ጭቃ ሲያቦካ እኛ አጥር ተደግፈን ብንመለከት፣ የቴቁሐን መኳንንት በምን እንበልጣቸዋለን? የእርስዋ ጣሪያ ማፍሰሱን ከእኛ ይልቅ የሩቁ ሰው አስቀድሞ ማወቁ ሊያሳፍረን አይገባምን?

የዚህ ሥራ ጀማሪዎች ከሌላ የክርስትና ወገን ስለ ሆኑ ጉዳዩ እኛን አይመለከተንም የሚል ካለም፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ያወጣውን ድንጋጌ ያንብብ። በቁጥር 12 ላይ ክርስቲያኖች ሁሉ ረኀብን፣ መሃይምነትን፣ ድኽነትንና የመኖሪያ ቤት እጦትን ለማስወገድ በአንድነት እንዲሠሩ ጉባኤው አሳስቧል። የተባበሩት መንግሥታት ቤት ለሌላቸው ሰዎች መታሰቢያ ባደረገው በ1987ም የጳጳሳዊው የፍትሕና የሰላም ኮሚሲዮን ስለ ቤት አልባ ወንድማችን እያንዳንዳችንን የሚጠይቅ ሰነድ አውጥቷል።

ስለዚህ፣ ውድ መምህራን፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ነህምያ ምዕራፍ 3ን ከተማሪዎቻችሁ ጋር አንብቡ። ካነበባችሁም በኋላ በቁምስናው ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስስ፣ ግድግዳው የዘመመ የማን ቤት እንደ ሆነ ጠይቋቸው። ከዚያም ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ አናጢ አስቀድማችሁ፣ አንዲት ቅዳሜ ስጡ። ወደ ሩቅ አገር የመሄድ ዕድል የሚያገኝም ቢኖር በዚያች ቅዳሜ የተማረውን ትሕትና ይዞ ይሂድ።

እግዚአብሔር ቤቱን ካልሠራ ሠራተኞች በከንቱ እንደሚደክሙ መዝሙረኛው ያስተምረናል (መዝ. 126/127)። በናዝሬት ከዮሴፍ ጋር በእንጨት ሥራ የደከመው፣ ኋላም ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ ያጣው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጫንቃችንን ለባልንጀራችን ሸክም ዝቅ የምናደርግበትን ጸጋ ይስጠን። አሜን።